የሲሚንቶ ዋጋ ጨመረ ብሎ ቤት አለማስረከብ ይቻላል?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ገና ያልተሠራ አፓርታማ በሥዕል አይቶ መግዛት ድሬዳዋም ገብቷል። ገዢው ደግሞ ሀብታም ብቻ አይደለም። ቀፊራ ገበያ የሚነግድ፣ ደመወዝተኛው፣ ጅቡቲ ሠርቶ የሚልክም አለበት። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ለከተማችን አስተዳደርም ጥያቄ አለኝ።

እህቴ ልብስ ነጋዴ ናት። የዕቁብ ብሯን አሰባስባ ለአንድ ሪል ስቴት ድርጅት ቅድመ ክፍያ ከፈለች። የርክክቡ ቀን አለፈ። ቤቱን ስትጠብቅ ደብዳቤ መጣላት። የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ስለናረ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ጊዜው ተራዝሟል፣ የዋጋ ማስተካከያም ትከፍያለሽ ይላል።

ሕጉ ምን ይላል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በአንቀጽ 1792 መሠረት ከአቅም በላይ የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊገምተው የማይችል፣ ግዴታውንም ጨርሶ እንዳይፈጽም የሚያግደው ነገር ነው። አንቀጽ 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ እንደማይባል በግልጽ ይናገራል። ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ። ችግሩ ያው አንቀጽ «በውሉ ሌላ ነገር በግልጽ ካልተባለ» የሚል በር ትቷል።

የእህቴን ውል ገልጬ ሳነብ ድርጅቱ በዚያች በር ገብቷል። «የግንባታ ዕቃ ዋጋ መናር ከአቅም በላይ እንደሆነ ምክንያት ይቆጠራል» ይላል፣ ከሌሎች ዐሥር ነገሮች መሀል ተሰንቅሮ። ከሥሩ የእህቴ ፊርማ አለ። እሷ ክፍያ ብታዘገይ በየወሩ ቅጣት አለባት። ድርጅቱ ቢያዘገይ ስለሚከፍለው አንድም መስመር የለም። የድርጅቱ ሽያጭ ሠራተኛ «አታስቢ፣ በጊዜው ነው የምናስረክበው» ብሏት ነበር። በጽሑፍ የሰፈረን ውል ግን «እንዲህ ብሎኝ ነበር» ብሎ በምስክር ማፍረስ አይቻልም።

ያም ሆኖ እጇ ባዶ አይደለም። አልሚው፣ ማለትም ሪል ስቴት ድርጅቱ፣ ውሉን ካልፈጸመ በአንቀጽ 1771 መሠረት ወይ ቤቱን እንዲያስረክብ በፍርድ ቤት ማስገደድ፣ ወይ ውሉን ማስፈረስ፣ ከዚያም ላይ የደረሰባትን ጉዳት ካሳ መጠየቅ ትችላለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተናዶ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ይላል። ከዓመታት በፊት የከፈሉት ብር ሲመለስ ግን ያኔ የሚገዛውን አይገዛም። ድርጅቱም ቤቱን በዛሬ ዋጋ ለሌላ ይሸጠዋል። ካሳ ሳይጠይቁ «ይፍረስ» ማለት አልሚውን መካስ ነው። እህቴ ቤቴን ብላ እንድትከራከር መክሬያታለሁ።

ቤቱ ከተረከቡ በኋላም ነገሩ አያበቃም። ገና ያልተሠራን ቤት ለማስረከብ የሚገባ ውል በአንቀጽ 2876 እንደ ግንባታ ሥራ ውል ስለሚታይ፣ የሥራ ተቋራጭ ለሥራው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ የሚሆንበት አንቀጽ 3039 አብሮ ይመጣል። በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚመጣ ጉዳትም ይጠየቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከተማችንን ምን እንዳደረገ የምናውቅ ሰዎች ይህችን አንቀጽ በቀላሉ አናልፋትም። አሸዋማ ቦታ ላይ ፎቅ ሲቆም አፈሩ ተመርምሯል ወይ ብሎ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ ወጥቷል። ዘርፉ ሕግ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን እህቴ ስትፈርም አንድም የመንግሥት ሰው አጠገቧ አልነበረም። አዋጁ ቀፊራ ያለችውን ነጋዴ ከመፈረሟ በፊት ካልደረሰላት፣ በኋላ የሚደርስላት ጠበቃ ነው፤ ጠበቃ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል።

ስለዚህ የድሬዳዋ አስተዳደር ሁለት ነገር ያድርግልን። አንደኛ፣ ፈቃድ ያላቸው አልሚዎች እነማን እንደሆኑ፣ የትኛው ሳይት ካርታና የግንባታ ፈቃድ እንዳለው በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ የቅድመ ክፍያ ውል ሞዴል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተዘጋጅቶ ይሰጠን። የዘገየ አልሚ በየወሩ ስንት እንደሚከፍል ሞዴሉ ውስጥ በቁጥር ይግባ። የዕቃ ዋጋም ከአቅም በላይ ከሚባለው ዝርዝር ይውጣ።

ውል ልትፈርሙ የተዘጋጃችሁ ደግሞ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። «እዚሁ ፈርሙ፣ ቅናሹ ዛሬ ያበቃል» የሚላችሁን አትስሙ። የርክክቡ ቀን በቀን፣ በወርና በዓመተ ምሕረት ካልተጻፈ ብራችሁን አታውጡ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ድሬዳዋ