«ጸጥ ያለ መንገድ» ተብሎ ስለተሸጠልን የቡርጎኝ የሳይክል ጉዞ

ይድረስ ለጉዞ ድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ስለ ጉዞው መስመር ቅሬታ ማቅረብና ከከፈልነው ገንዘብ ከፊሉ እንዲመለስ መጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሐምሌ እኔ፣ ባለቤቴና የ11 ዓመት ልጃችን በፈረንሳይ የቡርጎኝ አካባቢ የሳይክል ጉዟችሁን ገዝተን ሄደን ነበር። ከሻሎን ሱር ሶን ተነስቶ በክሉኒ በኩል ማኮን የሚደርሰው፣ ከዚያ በቱርኑ ዞሮ የሚመለሰው ነው። አስጎብኚ የለውም። ሆቴል ትይዛላችሁ፣ ሻንጣ ታደርሳላችሁ፣ ሳይክል ታከራያላችሁ፣ መንገዱን የሚመራውን ፋይል ደግሞ በስልክ ትልካላችሁ። ማስታወቂያችሁ በአማርኛ ነው፤ «መኪና የማይበዛባቸው ጸጥ ያሉ የገጠር መንገዶች፣ ለልጆችም የሚመቹ» ይላል። ከፍራንክፈርት ድረስ የመጣነው ይህን አምነን ነው። ስንመዘገብ የልጃችንን ዕድሜ ጠይቃችሁን ሞልተናል።

ሆቴሎቹ ጥሩ ነበሩ። ሻንጣውም አንድ ቀን እንኳ አልዘገየም። ስለ ክሉኒ ገዳም በአማርኛ ያዘጋጃችሁትን ጽሑፍ ልጃችን ሁለቴ አንብባዋለች፤ ላዘጋጀው ሰው ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ቅሬታዬ ስለ መንገዱ ነው። ዋናው የገዛነው ነገር ደግሞ መንገዱ ነበር።

በመንገዱ ላይ እስካለችው ትንሽ ከተማ እስከ ቡሲ ድረስ ምንም እንከን የሚወጣለት አልነበረም። ከዢቭሪ ወደ ክሉኒ የሚወርደው አረንጓዴ መንገድ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ሐዲዱ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ለእግረኛና ለሳይክል ተከፈተ፤ በፈረንሳይ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው መንገድ እሱ ነው። ርዝመቱ 44 ኪሎ ሜትር ነው። ለባቡር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ከባድ ዳገት የለውም። መኪና አይገባበትም። ግራና ቀኙ የወይን እርሻ ነው፣ አለፍ ሲል ነጫጭ የሻሮሌ ከብቶች የሚግጡበት መስክ ይመጣል። ልጃችን ከፊት ሆና እየዘፈነች ትነዳ ነበር።

ከቡሲ በኋላ ፋይላችሁ ከዚያ መንገድ አውጥቶ ዴ 981 የሚባል የአስፋልት መንገድ ላይ ጣለን። እናንተ መንገዱን አይታችሁት ከሆነ ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልገኝም። ከሻሎን ወደ ክሉኒ የሚወስደው ዋናው የመኪና መንገድ ነው። ተሳቢ አለ፣ የእህል መሰብሰቢያ ጊዜ ስለሆነ ትልልቅ ትራክተር አለ፣ በበጋ ቴዜ መንደር ወዳለው የክርስቲያን መነኮሳት ማኅበረሰብ ወጣቶችን የሚያመላልሱ አውቶቡሶችም አሉ። ሳይክል የሚሸሽበት የመንገድ ትከሻ ብዙ ቦታ ላይ አላገኘንም። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው የሚመጣው። የፈረንሳይ ሕግ ከከተማ ውጪ ሳይክል የሚቀድም ሹፌር አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቅ ያዛል። ብዙዎቹ ርቀዋል፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ከፊት ሌላ መኪና ሲመጣ ያ ሜትር ተኩል ይጠፋል። አንዱ ተሳቢ ሲያልፈን ንፋሱ የልጄን መሪ አወዛወዘው። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። እጄን ብዘረጋ አልደርስባትም።

ከሳይክል ወርደን ሳር ሳሩን እየገፋን ሄድን። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ዝም አለች። እናቷ ናት ያለቀሰችው። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልን አይደለም። «ለልጆች የሚመች» ያላችሁት መንገድ ልጅ ላይ ያደረገውን እንድታውቁት ነው።

የባሰ ያናደደኝ ሌላ ነው። አረንጓዴው መንገድ እዚያው አጠገባችን ነበር። ከዴ 981 ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው፤ ቦታ ቦታ ላይ በዓይን ይታያል። እኛ ከተሳቢ ጋር ስንጋፋ ሌሎች ቤተሰቦች በዛፍ ጥላ ሥር ሲያልፉ አይተናል። ወደዚያ የሚያሻግር ጠባብ መንገድ አግኝተን ወደ ክሉኒ ስንሄድ እስከምናገኘው መንደር እስከ ኮርማታን በዚያው ሄድን። ፋይሉ ግን በየደቂቃው «ከመስመር ወጥታችኋል፣ ተመለሱ» እያለ ይጮህ ነበር።

ያኔውኑ የአስቸኳይ ስልካችሁ ላይ ደወልኩ። ያነሳው ወንድማችን በትሕትና አናገረኝ። መልሱ ግን «ዴ የሚል ቁጥር ያለው ሁሉ የገጠር መንገድ ነው፣ ለሳይክልም ክፍት ነው፣ ችግር የለውም» የሚል ነበር። በኋላ በኢሜል የመጣልኝ መልስም ይህንኑ ደገመው። ይህ ስህተት ነው፤ ጉዞ የሚሸጥ ድርጅት ሊሳሳተው የማይገባ ስህተት። «ዴ» የሚለው ፊደል የሚናገረው መንገዱን የሚጠግነው ዴፓርትመንቱ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ መሆኑን ብቻ ነው። ስንት መኪና እንደሚያልፍበት አይናገርም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2006 የፈረንሳይ መንግሥት ብዙ ብሔራዊ መንገዶችን ለዴፓርትመንቶች ስላስረከበ፣ ትናንት ዋና አውራ ጎዳና የነበረው ዛሬ ዴ የሚል ቁጥር ይዟል። ላም ብቻ የሚያቋርጠው ጭር ያለ መንገድም ዴ ነው፣ ተሳቢ የሚግተለተልበትም ዴ ነው።

መለያው እኮ ከባድ አይደለም። ሚሽላን በሚባለው የፈረንሳይ የመንገድ ካርታ ላይ ዋና መንገድ ቀይ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ቢጫ፣ ትንንሾቹ ነጭ። የፈረንሳይን ገጠር በሳይክል የሚያውቅ ሰው ነጩን ይከተላል፣ ቢጫውን ሲቸግረው ብቻ ይነካል፣ ቀዩን ይሸሻል። አገሪቱ ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አላት፤ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የመንደሮችና የትንንሽ ከተሞች መንገድ ነው። ስለዚህ ሌላ አማራጭ ጠፍቶ ነው ሊባል አይችልም። እንደሚመስለኝ ፋይሉን ያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ ከሆቴል እስከ ሆቴል አጭሩን መስመር ስቦ ሰጣችሁ። በሳይክል ሄዶ ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም። ካለ እባካችሁ መቼ እንደሄደ ንገሩኝ።

ይህን የምለው በዴ 981 ብቻ ተነስቼ አይደለም። በመመለሻው ከቱርኑ በላይ ብራንሲዮን አጠገብ ፋይሉ ከአስፋልቱ አስወጥቶ ጫካ ውስጥ ኮረኮንች ላይ አወረደን። ያከራያችሁን ሳይክል ጎማው ቀጭን ነው። ቁልቁለቱን ፍሬን ይዘን በእግራችን ወረድን፤ የባለቤቴ ጎማም እዚያው ተነፈሰ። አስፋልቱ ዴ 14 ግን እዚያው ነበር፤ በሄድንበት ሰዓት መኪና ያልበዛበት፣ ዳር ዳሩ ውብ የሆነ መንገድ። ሌላው ደግሞ በክሉኒና በማኮን መካከል ያለው የቧ ክሌር ዋሻ ነው። 1.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ በሐምሌ ሙቀት ውስጡ ቀዝቃዛ ስለሆነ ልጃችን በጣም ወዳዋለች። ነገር ግን በአውሮፓ የብርድ ወራት የሌሊት ወፎች ስለሚተኙበት ይዘጋል። እናንተ ይህን ጉዞ ዓመቱን ሙሉ ትሸጣላችሁ። ለደንበኛ የምትሰጡት የጉዞ መምሪያ ጽሑፍ ስለ መዘጋቱ አንድ ቃል አይልም፣ ዋሻው ሲዘጋ በኮረብታው ላይ የሚያዞረው መንገድም ፋይሉ ውስጥ የለም። በብርዱ ወራት የሚመጣ ደንበኛ በሩ ላይ ሲደርስ ምን ያድርግ?

ሰኞ ዕለት ለምሳ የላካችሁን ዳቦ ቤት ተዘግቶ ነበር። በፈረንሳይ ገጠር ሰኞ ብዙ ሱቅ እንደሚዘጋ በመምሪያው ላይ ብትጽፉ ይበቃል።

አሁን ወደምጠይቀው ልግባ። ፋይሉ እስኪስተካከል ድረስ ይህን ጉዞ «ለልጆች የሚመች» ብላችሁ አትሽጡ። ገንዘብ ከፍለው ተራቸውን ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ዛሬውኑ ጻፉላቸው፤ ከቡሲ እስከ ክሉኒ አረንጓዴውን መንገድ እንዳይለቁ ንገሯቸው። ይህ እኔ ከምጠይቀው ገንዘብ ይቀድማል። ቀጥሎ፣ መስመሩን ከእናንተ አንድ ሰው በሳይክል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሂድበት፤ በተለይ ተሳቢ በሚበዛበት በሥራ ቀን።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ፣ ቁጥሩ 2015/2302፣ የተሸጠው ጉዞ በውሉ እንደተባለው ካልሆነ ደንበኛው ተመጣጣኝ የዋጋ ቅናሽ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ችግሩን በተፈጠረበት ሰዓት አሳውቄያችኋለሁ፤ የደወልኩበት ሰዓት ስልኬ ላይ አለ። ከጠቅላላው ክፍያ አንድ ሦስተኛው እንዲመለስልን እጠይቃለሁ። ሙሉውን ያልጠየቅሁት ሆቴሉና ሻንጣው እንደተባለው ስለነበሩ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የዴ 981ንና የኮረኮንቹን ፎቶዎች፣ የእናንተን ፋይልና እኛ ራሳችን የሄድንበትን መስመር አያይዣለሁ። የእኛን መስመር ከፈለጋችሁ ተጠቀሙበት፣ ክፍያ አልጠይቅበትም። መልሳችሁን በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልመለሳችሁልኝ ጉዳዩን በጀርመን ወደሚገኝ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ እወስደዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከፍራንክፈርት