ለደንበኞቻችን፦ በፈረስ እግር ላይ ስለሚወጣ የአጥንት እብጠትና በካሜራ ስለሚደረግ ቀዶ ሕክምና

ለተከበራችሁ ባለፈረሶችና ባለጋሪዎች፣

ጤና ይስጥልን። ጥር 23 ሲቃረብ፣ ለአገው ፈረሰኞች በዓል ወደ እንጅባራ የሚወርደው ፈረስ ሁሉ እግሩ ይመረመራል። ዓመቱን ሙሉ ልብ ያልተባለች እብጠት በዚህ ሰሞን ትዝ ትላለች። ዘንድሮ ደግሞ በስልክ የሚዘዋወር ቪዲዮ አይታችሁ «በሁለት ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ትርፍ አጥንት የሚያወጣውን ቀዶ ሕክምና እናንተ ለምን አትሠሩም?» የምትሉን በዝታችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በር ላይ ቆሞ የሚያልቅ ስላልሆነ ጽፈንላችኋል።

በቪዲዮው ያያችሁት እውነት ነው። በፊት እግር፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ በስተኋላ፣ በክንድ አጥንቱ የታችኛው ጫፍ አጠገብ አንዳንድ ጊዜ ሾል ያለ ትርፍ አጥንት ይበቅላል። ሐኪሞች ኦስቲዮኮንድሮማ ይሉታል። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም አይዛመትም። ክፋቱ የበቀለበት ቦታ ነው። ሰኮናን የሚያጥፉት ጅማቶች በዚያ በኩል የሚያልፉት ፈሳሽ በያዘ ስስ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ፈረሱ በረገጠ ቁጥር የአጥንቱ ሹል ጅማቱን ይፍቀዋል፣ ከረጢቱም ተቆጥቶ ፈሳሽ ይሞላል። ከውጭ የምታዩት ከጉልበቱ በላይ በጎን በኩል የወጣ ለስላሳ እብጠት ነው። ፈረሱ ሲጋለብ ውሎ ያነክሳል፣ ጥቂት ቀን ሲያርፍ ይሻለዋል፣ ወደ ሥራ ሲመለስ እንደገና ያነክሳል። ብዙ ባለቤቶች በዚህ ይታለላሉ፤ «ድኖ ነበር እኮ» ይሉናል።

ለዚህ ዓይነቱ በካሜራ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በእርግጥም ፍቱን ነው። ፈረሱ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ይተኛል። ከረጢቱ በንጹሕ ፈሳሽ ተነፍቶ በአንደኛዋ ቀዳዳ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላት ካሜራ፣ በሌላኛዋ መሮና መቆንጠጫ ይገባሉ። ሐኪሙ በስክሪን እያየ ሹሉን ከሥሩ ነቅሎ ያወጣል፣ የተፋቀውንም የጅማት ክፍል ያጸዳል። ጥቅሙ ጠባሳው ማነሱ ብቻ አይደለም። በሰፊው ከሚቀደደው ይልቅ የመመረዝ አደጋው ይቀንሳል፣ ጅማቱ ምን ያህል እንደተጎዳም በዓይን ይታያል። ጅማቱ ክፉኛ ካልተበጣጠሰ፣ አብዛኞቹ ፈረሶች ለሳምንታት በጋጣ አርፈውና በእጅ እየተመሩ ተራምደው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ታዲያ ለምን አንሠራውም? ካሜራውስ ገንዘብ ከተገኘ ይገዛል። የሚያስፈራን ማደንዘዣው ነው። ፈረስን ማስተኛት ቀላል ነው፤ ጭንቁ ማስነሣቱ ላይ ነው። መሣሪያ በተሟላላቸው የውጭ አገር ሆስፒታሎች በተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች እንኳ፣ የሆድ ቁርጠት ከሌለባቸውና ሙሉ ማደንዘዣ ከተሰጣቸው 100 ፈረሶች አንዱ ያህል በማደንዘዣው ሰበብ ሞቷል። በድንጋጤ ለመነሣት ሲታገል እግሩን የሚሰብር አለ። ግድግዳውና ወለሉ በፍራሽ የተሸፈነ የመንቂያ ክፍልና ልዩ ሥልጠና ያለው የማደንዘዣ ባለሙያ ሳይኖረን ፈረሳችሁን ብናስተኛ፣ ነገዱ እንጂ አከሙ አያሰኘንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እንድትይዙልን የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ወደ እኛ የምታመጧቸው አብዛኞቹ እብጠቶች ኦስቲዮኮንድሮማ አይደሉም፤ ቢላዋም አያስፈልጋቸውም።

በብዛት የምናየው ከፊት እግር ጉልበት በታች፣ በውስጥ በኩል፣ ከቅልጥሙ ጎን ከተለጠፈችው ቀጭን አጥንት ላይ የሚወጣውን ነው። ሳይጠና ኮርቻና ጋሪ የተጫነበት ወጣት ፈረስ ላይ፣ ወይም እርግጫ ያገኘው ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ሲነኩትም ያማል። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ዕረፍት፣ ቀዝቃዛ ውኃና በሐኪም የታዘዘ ማስታገሻ ነው። ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ይጠጥራል፣ ማነከሱም ይቀራል። መልክ ያበላሻል እንጂ ጉግስ አያስቀርም። ለውበት ብሎ ማስወጣት ኪሳራ ነው፤ የአጥንቱ ሽፋን ሲነካ አዲስ አጥንት ስለሚያበቅል ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው እብጠቱ ከኋላው ያለውን ጅማት ከተጫነ ወይም ቀጭኗ አጥንት ከተሰበረች ነው።

በጋለ ብረት መተኮስም እንዲሁ ነው። የአጥንቱን ሽፋን ያስቆጣል፣ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ፈረሱን በከንቱ ያሠቃያል። አያቶቻችን ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ከተተኮሱት ብዙዎቹ የዳኑት ግን በመተኮሳቸው ሳይሆን ቁስሉ እስኪደርቅ ስላረፉ ነው ብለን እናምናለን።

ከሰኮናው ከፍ ብሎ ቀለበት ሠርቶ የሚጠጥረው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። እሱ ብዙውን ጊዜ የመገጣጠሚያ ብግነት ውጤት ስለሆነ አጥንቱን መፋቅ ሕመሙን አያነሣውም፤ የሰኮና አያያዝን ማስተካከልና የሥራ ጫናን መቀነስ ይረዳል።

አንድ ማሳሰቢያ ለአርቢዎች፦ በአንድ ውርንጭላ ላይ በብዙ አጥንቶች፣ በጎድን ጭምር፣ ጠጣር እብጠት ካያችሁ በዘር የሚተላለፍ ዓይነት ሊሆን ይችላልና ድንጉላም ሆነ ባዝራ ለእርባታ አታቆዩት።

እኛ ዘንድ እግሩን በእጅ መርምረን፣ ፈረሱን አስረግጠን አይተን፣ ሲያስፈልግ በአልትራሳውንድ ጅማቱን እንመለከታለን። ኦስቲዮኮንድሮማ ከጠረጠርን ራጅ ወዳለበት እንልካችኋለን፤ የላክነውን ፈረስ ከተመለሰ በኋላ ለመከታተልና ፋሻውን ለመቀየር ግን በራችን ክፍት ነው። «ተዉት፣ ምንም አያስፈልገውም» ስንላችሁ የምታስከፍሉን ለምንድን ነው የምትሉ አላችሁ፤ የምናስከፍለው ለምርመራው ነው፤ እሱም ከመተኮሻው ዋጋ አይበልጥም።

የሚያነክስ ፈረስ ስታመጡ ከሥራ እንደወጣ አምጡት፤ ሁለት ቀን ያረፈው ደጃችን ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይራመድና ሕመሙን ይደብቅብናል። ማስታገሻ ወስዶ ከሆነ ምን እንደወሰደና መቼ እንደወሰደ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንስሳት ሕክምና መስጫችሁ ባልደረቦች
እንጅባራ