የደሴ ተመራጮቻችንን አንድ ነገር ልጠይቅ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ደሴ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እወስዳቸዋለሁ። ዘንድሮ ደጃፉ ላይ ቆመን አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ያወረዳቸው ፓርላማ ነው?" አለችኝ። "ያኔ ፓርላማ አልነበረም፣ መኳንንቱ ናቸው" ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን ጥያቄዋ አላስተኛኝም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ አዲስ አበባ ተሰበሰቡ፣ ክስ ቀረበ፣ አቡነ ማቴዎስ ለልጅ ኢያሱ ከገቡት መሐላ ፈቷቸው፣ አለቀ። ተከሳሹ ሐረር ነበሩ፣ ቃላቸውን የሰማ የለም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የወሎ ሰው ሁሉ ከአያቱ ሰምቶታል። አባትየው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ፣ በወሩ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ፣ ስንቱ ገበሬ ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ። ልጅ ኢያሱ ጥፋት አልነበረባቸውም እያልኩ አይደለም። ሰው ከሥልጣን የሚወርድበት መንገድ ራሱ ሕግ ካልሆነ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ መንገዱን በሕገ መንግሥቷ ጽፋዋለች። በ2017 ዓ.ም. መስከረም 28 የኬንያ ብሔራዊ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንቱን ሪጋቲ ጋቻጓን በ281 ድምፅ ከሰሳቸው፣ 44 ተቃወሙ። ጉዳዩ ወደ ሴኔት ሄደ። ጠበቆቻቸው ተከራከሩ፣ ሕዝቡም በቴሌቪዥን ተከታተለ። ከ11ዱ ክሶች ሴኔቱ የተቀበለው 5ቱን ነው፣ በዚያው ከሥልጣን ወረዱ። ሰውየው ከፕሬዚዳንት ሩቶ ጋር ተጣልተው ስለነበር ድምፁ ለዚያ ነው የተገኘው የሚል ብዙ ነው፣ እኔም ይህ ጥርጣሬ አለኝ። ቢሆንም ስድስቱ ክሶች ውድቅ ሲሆኑ ሁሉም አይቷል። ክሱና መልሱ ፊት ለፊት ቀርቧል።

የበለጠ የገረመኝ ደቡብ ኮሪያ ነው። ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ወታደራዊ አገዛዝ አወጁ። የምክር ቤት አባላት አጥር ዘለው ገቡ፣ 190 ሆነው በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረጉት። ታኅሣሥ 5 ደግሞ በ204 ድምፅ ከሰሷቸው። የተቃዋሚ ፓርቲዎች አባላት 192 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቢያንስ 12 ሰዎች ከራሳቸው ፓርቲ የወጡትን ፕሬዚዳንት ለመክሰስ ድምፅ ሰጥተዋል ማለት ነው። የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው፣ 8ቱም ዳኞች ተስማምተው መጋቢት 26 አሰናበቷቸው። እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው 12ቱ ላይ ነው።

የእኛስ? ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቀ በአስፈጻሚው ሥልጣን ጉዳይ ላይ ተወያይቶ የመሰለውን እርምጃ መውሰድ ይችላል ይላል። ችግሩ ቁጥሩ ነው። በ2013ቱ ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ከ436 መቀመጫ 410ሩን ገዢው ፓርቲ ወሰደ። ተቃዋሚዎች ሁሉ ቢደመሩም አንድ ሦስተኛ አይሞሉም። ስለዚህ ይህን በር መክፈት የሚችሉት የገዢው ፓርቲ አባላት ብቻ ናቸው። አንቀጽ 54 ደግሞ ተወካዩ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል፣ ለፓርቲው አይልም።

በ1989 ዓ.ም. ታምራት ላይኔ ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲነሱ ምክር ቤት ፊት ቆመው ጥፋታቸውን እንዳመኑ ትልልቆቹ እናስታውሳለን። ነገር ግን መጀመሪያ የወሰነው የራሳቸው ፓርቲ ነበር፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ያለቀ ነገር ነው። እኔ የምለው ይህን አይደለም።

እኔ የምለው በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት 20 ገደማ የደረሰብንን ነው። "ከተማችን አትያዝም፣ ተረጋጉ" ሲባል አምነን ተቀመጥን። ከዚያ በአንድ ሌሊት እናቴን ደግፌ በእግር ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ኮምቦልቻም ስትያዝ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን። ተመልሰን ስንመጣ ቤቱ ባዶ ነበር። ማን ምን ያውቅ ነበር? ማን ነው ተረጋጉ በሉ ያለው? አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በስሙ ተጠርቶ፣ ይህ ተጠይቆ፣ መልሱ በቀጥታ ስርጭት ሲተላለፍ አላየሁም። ጥፋት ከሌለበት በነጻ ይሂድ፣ ካለበት ከወንበሩ ይነሣ። እናቴ እስካሁን "የነገረን ሰው ማነው?" ትለኛለች፣ የምመልስላት የለኝም።

ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ተመራጮቻችን ክረምቱን ደሴ ይመጣሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ፣ ስለ መንገድና ስለ ውኃ እንነጋገራለን። ያም ይነሣ፣ ውኃ ያስፈልገናል። እኔ ግን እጄን አውጥቼ እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፤ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18 መሠረት ውይይት ይደረግ ብላችሁ አንድ ጊዜ ፈርማችሁ ታውቃላችሁ? ያቺ ተማሪዬም አብራኝ ልትመጣ ነው። ጥያቄውን ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች።

የታሪክ መምህር፣ ከደሴ