የአቃቂ የግጥም አዳራሻችን ጣሪያ እንዲከደን፦ ሁለተኛ ጥሪ

ለጎረቤቶቻችን፣ ለጨርቃ ጨርቅ ጡረተኞቻችን፣ በቅርብም በሩቅም ላላችሁ የአቃቂ ልጆች፤

ጤና ይስጥልን። ስለዚህ ጣሪያ ስንጽፍላችሁ ሁለተኛችን ነው። እውነቱን ለመናገር መለመኑም ደክሞናል። ግን ሌላ የምናንኳኳው በር የለንም።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ መጨረሻ፣ ያ በረዶ የጣለ ዓርብ ማታ፣ ጣሪያው ከመሃል ወረደ። ሞራሌው ውስጥ ውስጡን በስብሶ ኖሯል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ 70 ሰው ከሥሩ ይቀመጥ ነበር። ያን ሰሞን ስልካችን አላረፈም። "አለን፣ አይዟችሁ" አላችሁን። ቃል የተገባውን ስንደምር 211,400 ብር ሞላ፤ ልክ የሚያስፈልገን ያህል። እስከ ዛሬ እጃችን የገባው ግን 61,400 ነው። አንቀየምም፤ ኑሮው ለማን ቀለለ? ብቻ ቆርቆሮ ሻጩ ዋጋውን የሚያቆይልን እስከ ኅዳር 15 ነው። ከዚያ በኋላ አልነገርከንም እንዳትሉኝ ብሎናል።

አሁን የምናነበው ሸራ ወጥረን ነው። የጥቅምት ብርድ ግን ግጥም አይሰማም። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው አነበቡ። በወጣትነታቸው ሽመና ክፍል የገጠሟት ናት፤

ሺ ሜትር ሸምኜ አገሩን አልብሼ፣
ክረምቱን ዘለቅሁት ቡትቶ ለብሼ።

ከዚያ ተቀመጡና "እንዲያው ዛሬም ያው ነው" አሉ፣ ሸራውን ቀና ብለው እያዩ። ሳቅን። ሳቁ ትንሽ አፍሮ ነበር።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚነበበው ግጥም ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። ከሥራ የመጣ ነው። ወፍጮ ላይ የሚንጎራጎረው፣ ደቦ ላይ "ሆ" የሚባለው፣ እሱ ነው ፋብሪካ ገብቶ ያደገው። ግጥም በጃዝ የሚባለው ዝግጅት ራስ ሆቴል ሲጀመር ከእኛ ልጆች ሄደው ያዩ ነበሩ። ተመልሰው ያሉን "እኛ ሳክስፎን የለንም፣ የማሽን ድምፅ ግን በአፋችን እናወጣለን" ነው። እስከ ዛሬም ያወጣሉ።

የካቲት 28 ቀን 1966 የሠራተኛ ማኅበራቱ አንድነት የጠራው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲጀመር ከአባሎቻችን ሁለቱ ወጣት ሠራተኞች ነበሩ። ዛሬ በዱላ ነው የሚመጡት። የያኔውን ቀን ሲያወሩ ልጆቹ ይጽፋሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግጥም ሆኖ ይመጣል። አንደኛው አባት ራሳቸው ያነበቧትን የማያውቅ አቃቂ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤

ወር ሙሉ ሠርቼ ደመወዝ ቢሰጡኝ፣
ደሙንም ወዙንም እዚያው አስቀሩብኝ።

ወጣቶቹ ደግሞ በሌላ መንገድ መጡ። ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ልጃችን "ሠላሳና ዘጠና" እያለች የምትመላለስበት ግጥም አላት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይፈቅዳል። ስንቷ ሴት ይህን ቁጥር መጀመሪያ የሰማችው ከዚያ መድረክ ነው! አንዷ በቀጣዩ ሰኞ አለቃዋ ዘንድ ገብታ ግጥሙን በቃሏ እንዳለችለት ነግራናለች። ፈቃዱን አገኘች። ሌላው ልጅ ደግሞ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወስን ያው አዋጅ ስላወራው የደመወዝ ቦርድ ይገጥማል፤ በየቤቱ መጨረሻ ሕዝቡ "ቦርዱስ?" ብሎ ይጮህለታል። ከቤይሩት የተመለሰችው እህታችን ፓስፖርቷ ስለተቆለፈበት ቁም ሣጥን ስታነብ ግን ማንም አይጮህም።

አሁን ወደሚያሳፍረን እንምጣ። "ጣሪያው እየበሰበሰ 46,000 ብር ድምፅ ማጉያ ገዛችሁ" የሚል ወሬ ሰምተናል። ገዝተናል። የገዛንበትም ምክንያት አለን። ሽመና ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ጆሮ ምን እንደሚመስል የአቃቂ ሰው አይጠይቅም። የፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ራሳቸው የገጠሙትን እንኳ ሌላ ሰው ሲያነበው አይሰሙም ነበር። ዛሬ ይሰማሉ። ማታ ፈረቃ ለሚወጡ ልጆች ለሚኒባስ ያወጣነውም 9,200 ብር ደረሰኝ አለው። የተሳሳትነው በሌላ ነው፤ ያኔ ጣሪያውን ስንሠራ በርካሽ ብለን ስሱን ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ማልበሳችን። ይህን ኮሚቴው ያምናል። አሁን ወፍራሙን ባለ 28 ነው የምንገዛው።

የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ 84 ቆርቆሮ በ1,350 ብር፣ 113,400። ሞራሌና ምስማር 58,000። የአናጢ 40,000። በእጃችን ያለውን ስትቀንሱ የጎደለው 150,000 ብር ነው። ቃል የገባችሁት ብቻ ብትሰጡን አዲስ ሰው አንለምንም።

ወንጌሉ "ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል" ይላል። ሙስሊም ወንድሞቻችን ሶደቃ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ስለ ድርና ስለ አንበሳው ያለችውን ምሳሌ አንደግማትም፤ ድሩን ስትፈትሉ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ። አንድ ቆርቆሮ የሚችል አንድ ቆርቆሮ ይስጥ። አንድ ኪሎ ምስማርም እንቀበላለን።

ሂሳቡ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያለው የድሮው ነው። አልተቀየረም። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች 518 ናቸው። ሙሉ ቁጥሩ ባለፈው ደረሰኛችሁ ላይና በአዳራሹ በር ላይ አለ። በቴሌብር የምትልኩ ከመላካችሁ በፊት የሚመጣው ስም የኮሚቴው መሆኑን እዩ፤ የግለሰብ ስም ከመጣ አትላኩ። ሰሞኑን በስማችን የሚለምን ሰው እንዳለ ሰምተናል፤ የእኛ አይደለም። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩ፣ ደረሰኙን እኛ ለእነሱ እንሰጣለን። እንደገና፦ ንግድ ባንክ፣ መጨረሻው 518፣ እስከ ኅዳር 15።

ገንዘብ የሌላችሁ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ የወደቀውን ቆርቆሮ እናነሳለን። ጓንት ይዛችሁ ኑ፣ ጠርዙ ይቆርጣል። ቡና ይፈላል። ከሰዓት በኋላ፣ ሸራው ሥር፣ ንባብ አለ።

ኮሚቴው