ሲርስ ምን ይሆናል?

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼብሃለሁና ይቅር በለኝ። መስከረም ላይ ሀዋሳ መጥተህ ሐይቁ ዳር ከዛፍ ዛፍ በተወጠረ ሸራ ሥር ልታድር እንዳሰብክ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሸራ የሚገዛ ሰው ሁሉ ስለ ክብደቱ ይጠይቃል። አንተ አስቀድመህ ሲርስ ምን እንደሚሆን ጠይቅ። ሲሊኮን የተቀባ ናይለን ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ውኃ ስለሚመጥ ይለጠጣል። ማታ እንደ ከበሮ የወጠርከው ሌሊት ዝናብ ሲመታው ይረግብና መሐሉ ላይ ውኃ ያቁራል፤ በጨለማ ተነስተህ ልትወጥር ነው። ሲሊኮን የተቀባ ፖሊስተር ግን ብዙም አይለጠጥም፤ ፀሐይንም ከናይለን የተሻለ ይችላል። የእኔ ምርጫ እሱ ነው። 3 በ3 ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው እስከ ዕቃው ያስጠልላል። ዳይኒማ የሚባለው ጨርቅ ከሁሉም ይቀልላል፣ አይለጠጥምም፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። መሐሉ ላይ ስፌት ካለው በሲሊኮን ማሸጊያ ቀባው፤ ሲሊኮን ላይ ሌላ ማጣበቂያ አይዝም።

የገበያው ሰማያዊ ላስቲክ ሸራ ከበድ ይላል እንጂ ለመለማመጃ አይናቅም። የሚከዳህ በብረት ቀለበቶቹ ነው፤ ነፋስ ሲበረታ ተቦጭቀው ይወጣሉ። ቀለበቱን ተወውና ጥጉ ላይ ድቡልቡል ጠጠር በሸራው ጠቅልለህ አንገቱን በገመድ እሰረው።

ከዛፍ ዛፍ ለሚወጠረው ዋና ገመድ 10 ሜትር፣ ለጥጎቹና ለጎኖቹ ደግሞ 2 ሜትር የሆኑ ስድስት ቁራጭ የፖሊስተር ገመድ ያዝ። ሲባጎ ሲርስ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይላላል፤ አይሆንህም። ሸራው ከመጀመሩ በፊት በዋናው ገመድ በሁለቱም በኩል አጭር ክር አንጠልጥል፤ በገመዱ የሚወርደው ዝናብ በክሩ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ መኝታህ አይዘልቅም። መሬት ላይ የምታነጥፈው ላስቲክ ከሸራው ጠርዝ አይውጣ፤ ከወጣ ውኃውን ተቀብሎ ከሥርህ ያስገባዋል።

አፈሩ ልል ከሆነ ካስማ ይነቀላል። ፌስታል በአፈር ሞልተህ ገመዱን እሰርበትና አንድ ክንድ ያህል ጥልቀት ቅበረው። ነፋስ የሚመጣበትን ጎን እስከ መሬት ዝቅ አድርግ፣ ሌላውን ክፈተው፤ ዙሪያውን ከዘጋህ በትንፋሽህ ጤዛ ትርሳለህ።

አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከሚያድርበት ዛፍ ሥር አትተኛ፤ ኩሱ ሸራውን ያበላሸዋል። ከውኃው ጠርዝም ራቅ በል፣ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል። ሸራ ወባን አይከለክልምና አጎበር ከውስጥ ማንጠልጠል እንዳትረሳ፤ ወሩ የወባ ወር ነው።

የምትመጣበትን ቀን ጻፍልኝ፤ ካስማና ገመዱን እኔ አዘጋጃለሁ።

ወዳጅህ፣ ከሀዋሳ