ከተመረቁ በኋላስ?

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ተመራቂዎች ስትጽፉ ሁሌ አንድ ጥያቄ ላይ ትቆማላችሁ፤ ሥራ አገኙ ወይስ አላገኙም? እኔ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ።

በጀርመን ካሰል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፍተኛ ትምህርትንና ሥራን አያይዞ የሚመረምር ማዕከል አለ። ለብዙ ዓመታት የመሩት ኡልሪሽ ታይሽለር ናቸው። ማዕከሉ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያስተባበረው ጥናት በርካታ የአውሮፓ አገሮችንና ጃፓንን ያካተተ ነበር። ተመራቂዎቹን የጠየቃቸው በተመረቁ ማግስት ሳይሆን አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ይሄ ነው ልቤን የነካው!

እስቲ አስቡት። መጠይቁ ፊቷ የተዘረጋ አንዲት ወጣት አለች። ሥራ ፍለጋው ስንት ወር ፈጀ? የተማርሽውን ምን ያህል ትጠቀሚበታለሽ? እስክሪብቶዋ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ደመወዝ አላት፤ የተማረችው ግን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። በቁጥሩ ዓምድ ግን «ሥራ ያገኘች» ናት።

እባካችሁ፣ ዩኒቨርሲቲዎች «ተማሪዎቻችን ሥራ ይዘዋል» ሲሏችሁ መቼና እንዴት እንደጠየቋቸው ጠይቁልን። መልስ ያልሰጡት ስንት እንደሆኑም አትርሱ። ዝም ያለው ያልተሳካለት ሊሆን ይችላልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ