ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ

የዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ጥሪ በየዓመቱ ሲወጣ አነበዋለሁ። ከግቢ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ የሚመለከተኝም ነገር የለም። ልማድ ሆኖብኝ ነው። የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፤ 3 በ 4 የሆነ ጉርድ ፎቶ፤ የስፖርት ትጥቅ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ያቺ መስመር ትመጣለች፦ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ይዛችሁ እንድትመጡ።

መስመሯ የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ ላይ አለች። ሠመራ የተመደበ ልጅ አንሶላውን ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል። ደብረ ብርሃን የተመደበ ልጅ ግን ያቺን መስመር ደግሞ ማንበብ አለበት። ችግሩ ቆላ ተወልዶ ያደገ ልጅ ደግሞ ቢያነባትም አይገባውም። ብርድ ሲባል የሚያስበው ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲመታው የሚሰማውን ነው።

እኔ ራሴ አልገባኝም ነበር። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ የማሾና የሽንኩርት አገር። ሸዋ ሮቢትና ደብረ ብርሃን አንድ ዞን ናቸው፣ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበርን ወጥቶ፣ ዋሻውን በዚያ በኩል ሲወጡ አገሩ ሌላ ነው። እኛ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ። አውቶቡሱ ውስጥ በሸሚዝ ተቀምጬ ነበር። መናኸሪያ ስወርድ አንድ ሸክም ያዥ አይቶኝ «ፍሬሽ ነህ አይደል?» አለኝ። በምን አወቀ ብዬ ገርሞኝ ነበር።

ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ነው ከተማዋን የቆረቆሯት። ስለ ብርዱ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ንጉሥ በርኖስ አይቸግረውም መቼም።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው የጋምቤላ ልጅ ነበር። ረጅም ነው፣ እግሩ ከአልጋው ያልፋል። ጥቅምት ገባ። ጠዋት የግቢው ሣር ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኖ እናገኘው ጀመር። ልጁ በጃኬቱ ይተኛል። ከጃኬቱ ሥር ሁለት ሹራብ፣ እግሩ ላይ ካልሲ፣ እጁ ላይም ካልሲ። አዎ፣ እጁ ላይ። ብርድ ልብስ የሚላት ስስ የሆነች ነገር ነበረችው፤ በጋምቤላ ሙቀት በቂ ነበረች። «በረደህ?» ስንለው «አይ» ይላል። ጥርሱ ግን ሲንገጫገጭ ከታች ይሰማኛል።

ፕሮክተራችን፣ የዶርማችን ተቆጣጣሪ፣ አንዲት እናት ነበሩ። እትዬ ነበር የምንላቸው። አንድ ማታ ሊቆጥሩን ገብተው እጁ ላይ ያለውን ካልሲ አዩ። ምንም አላሉም። በማግስቱ በፌስታል ጠቅልለው ጋቢ ይዘው መጡ፣ አልጋው ላይ ወርወር አድርገው ወጡ። ጋቢው የቤታቸው ነው። ወጥ ወጥ ይሸት ነበር። ልጁ ሦስት ዓመት ተጠቀመበት።

ስንመረቅ አጥቦ ሊመልስላቸው ሄደ፣ እኔም አብሬው ነበርኩ። ጋቢው ላይ የብር ሳንቲም የምታክል የተቃጠለች ቀዳዳ ነበረች፤ ሂተር ዶርም ማስገባት ክልክል መሆኑን ታስታውሳላችሁ። እትዬ ጋቢውን ዘርግተው ቀዳዳዋን አዩና ቀና አሉ። «አንተ! ሦስት ዓመት ስፈልገው የነበረው ሂተር ያንተ ነበር?» አሉት። ተቀበሉት። ለቀጣዩ ፍሬሽ እንደሚሆን ነገሩንና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

እንግዲህ ጉዳዬ እዚህ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የወጣን ጥቂት ሰዎች ተሰብስበን፣ ዘንድሮ ለሚገቡ 400 ተማሪዎች ወፍራም ብርድ ልብስ ልንገዛ ተነስተናል። የእናንተን እጅ እንፈልጋለን።

ለምን ብርድ ልብስ? ይህን ጥያቄ እኛም እርስ በርስ ተጠያይቀናል። የመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ ሐሳቡ ትልቅ ነበር። አንዱ ላይብረሪ እንሥራ አለ። ሌላው በባቻችን ስም አዳራሽ ቢሰየም አለ። ሻይ እየጠጣን ስናወራ ሁሉም ይቻላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ዝም ተባባልን።

እውነቱን እናውራ። ግቢያችን ወጣት ነው። ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ዛሬ አርባ ዓመት ቢሞላቸው ነው። የዓለማያን፣ የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ብትወስዱ፣ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከዚያ ተመርቀው ወጥተው፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው የዓለም የምግብ ሽልማትን በ2009 እ.ኤ.አ. ሲቀበሉ ከምረቃቸው ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። ፍሬ ጊዜ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ደግሞ ብታዩ፣ ስድስት ኪሎ ያለው ግቢ ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው ነው በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው። እኛ መካከል ቤተ መንግሥት ያለው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረን፤ እስከዚያው በብርድ ልብስ እንቀጥላለን።

ይህን ስል የግቢያችንን ልጆች አሳንሼ አይደለም። የእኔን ባች ብቻ ልጥቀስ። አንዷ መሐል ሜዳ ጤና መኮንን ናት፤ ሌሊት በበቅሎ የመጣች ወላድ ተቀብላ ታውቃለች። አንዱ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ቆርምድ የሚባለው የባቄላ በሽታ የሰሜን ሸዋን ደጋ ሲያምስ ከገበሬው ጋር ማሳ ለማሳ ሲዞር ነው የከረመው። ቅጠሉ ላይ ያለውን እብጠት በጣቱ እያሳየ ሲያወራ እራት ያስረሳችኋል። ሌላው ከቢራ ፋብሪካዎቹ በአንዱ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። አንዱ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ብረታ ብረት ቤት ከፍቶ ሠራተኛ ቀጥሯል። መምህራኑን አልቆጥራቸውም፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የእኛ ግቢ ልጅ የማያስተምርበት ትምህርት ቤት ስንት ቢኖር ነው? የጋምቤላው ልጅ አገሩ ተመልሶ ያስተምራል። በቀደም ደውዬ ስለዚህ ነገር ስነግረው ረጅም ሳቅ ሳቀና «ሂተር ጨምሩበት» አለ።

እነዚህ ሰዎች ሕንፃ አይሠሩም። ደመወዛቸውን አውቀዋለሁ፣ የእኔም ያው ነው። ግን አንድ ብርድ ልብስ መግዛት ይችላሉ። ለዚህ ነው ብርድ ልብስ ያልነው።

ደግሞም ነገሩ ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣ ነው። ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያደረ ልጅ ጠዋት ካልኩለስ አይገባውም። አሁን ደግሞ የሚገቡት ልጆች በምን መከራ እንደሚገቡ ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ወንፊት አልፎ፣ ወይም ሬሜዲያል ተምሮ ታግሎ የመጣ ልጅ ጥቅምት ላይ በብርድ ምክንያት ሻንጣውን ሸክፎ ቢመለስ ያሳዝናል። የሚመለስ አለ ወይ? አለ። እኛ ጊዜ አንዱ በሦስተኛው ሳምንት ሄዷል። ቤተሰቡ ናፍቆት ነው ተባለ። ናፍቆቱስ ይኖራል፤ አልጋው ላይ ግን አንሶላ ብቻ ነበር።

«ኮስት ሼሪንጌን ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ሌላ ምን ዕዳ አለብኝ?» የሚል ጓደኛ አለኝ። ትክክል ነው። ኦሪጅናል ዲግሪህን ለማውጣት ከፍለሃል፤ እኔም ከደመወዜ በየወሩ ሲቆረጥ እያየሁ ከፍያለሁ። ያ የመንግሥትና የእኛ ውል ነው። ግን የእትዬ ጋቢ ኮስት ሼሪንግ ውስጥ አልተቆጠረም። ሁላችንም እንዲህ ያለ ሳይቆጠር የቀረ ነገር አለን። አንዱ ሃንድአውት ኮፒ ያስደረገለት ሲኒየር አለ። አንዷ ነን ካፌ ሆና፣ ከግቢ ካፌ ውጭ በራሷ ብር እየበላች፣ ብሯ ሲያልቅባት በዱቤ ያበሏት የሽሮ ቤት ባለቤት አሉ። ለእነሱ መመለስ አይቻል ይሆናል። ለሚመጣው ፍሬሽ ግን ይቻላል።

ከእኛ በፊት የነበሩትም ይህን ያውቁ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ አገሩ ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹ በማስተማር። ከእኛ የሚጠየቀው አንድ ዓመት አይደለም። 1,600 ብር ነው።

አዎ፣ የአንዱ ዋጋ 1,600 ብር ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ ሦስት ጅምላ ሻጮች ጋ ዞረን ያገኘነው የተሻለ ዋጋ ይህ ነው። ከተማዋ በብርድ ልብስ ስሟ የታወቀ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ጭኖ መሄድ ውሃ ወደ ዓባይ መውሰድ ነው የሚሆነው። ለ400 ተማሪ 640,000 ብር ያስፈልጋል። ሙሉውን ያልቻለ ግማሽ፣ ሩብ ይላክ። አምስት ሆነው አንድ የገዙም አሉ። (ድር ቢያብር የሚለውን ተረት አልጠራም፤ ታውቁታላችሁ።)

ስለ ባና ክርክር ተነስቶ ነበር፣ ልንገራችሁ። የመንዝ ልጆች «ፋብሪካውን ተዉት፣ የመንዝ ባና እንግዛ» አሉ። ሐሳቡ ልብ ይነካል። የራሳችን በግ ፀጉር፣ የመንዝ ሴቶች የፈተሉት፣ ሸማኔው የሠራው፤ ገንዘቡም እዚያው ገጠር ይቀራል። እኔ በግሌ ባናን የመሰለ ሙቀት አላውቅም። ግን ባና ይኮሰኩሳል፣ ይከብዳል፣ ዶርም ውስጥ በባልዲ ታጥቦ አይደርቅም። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ በፋብሪካው ተስማማን፤ ሃያ ባና ግን እንገዛለን፣ ለየሕንፃዎቹ ፕሮክተሮች፣ ሌሊት ለሚያመው ተማሪ እንዲያውሉት። አንድ የመንዝ ልጅ ገንዘብ የለኝም ብሎ ሁለት በግ ሰጥቷል። በጎቹ ተሸጠው ሒሳቡ ገብቷል። የበግ ፀጉሩንም ቢሸልተው ኖሮ ብለን ቀልደንበታል።

ማን ይቀበላል ለሚለው፣ በክልል አንመርጥም፣ በውጤትም አንመርጥም። ፎርም ሞልተህ ድህነትህን አስረዳ አንልም። ማን በጃኬቱ እንደሚተኛ የሚያውቁት ፕሮክተሮቹ ናቸው። እነሱ ከተማሪዎች ኅብረት ተወካዮች ጋር ሆነው ይለያሉ፤ ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ያስቀምጣሉ። እዚህ ላይ ከአንዳንድ ጓደኞቻችን ጋር አልተስማማንም፣ ግን ወስነናል፦ ፎቶ የለም፣ ባነር የለም፣ ተሰልፎ መቀበል የለም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ብርድ ልብስ ታቅፎ ካሜራ ፊት ሲቆም ማየት አንፈልግም። ፎቶ የሚነሳው ደረሰኙና ጭነቱ ነው። እሱን በየጊዜው እንለጥፋለን።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስታችን ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። ሁለት ፊርማ ከሌለ አይወጣም። ከሦስታችን አንዷ የሒሳብ ባለሙያ ናት፣ አምስት ብር ብትጎድል የምታሳድደን ዓይነት። በቴሌብርም መላክ ይቻላል። የሒሳብ ቁጥሩ በየባቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከላይ ተለጥፏል፤ ከሌላ ሰው የተላከላችሁን ቁጥር አትጠቀሙ፣ የባቻችሁን ተወካይ ደውላችሁ አረጋግጡ። ውጭ አገር ያላችሁም በተወካያችሁ በኩል ብትጠይቁ መንገዱን ይነግሯችኋል። ከግቢያችን ያልተማራችሁ ግን ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሌሊት ያደራችሁ ሁሉ መሳተፍ ትችላላችሁ። ብርዱን ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

የምንዘጋው መስከረም መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለቀጣዩ ዓመት ይያዛል፣ ምክንያቱም ጥቅምት ከመግባቱ በፊት ብርድ ልብሱ ዶርም መድረስ አለበት። ጭነቱን ለማራገፍ ቅዳሜ ጉልበት የሚያዋጣ የከተማው ልጅ ቢገኝም ደስ ይለናል። ምሳ በእኛ ነው፣ ሽሮ ቢሆንም።

ስትልኩ የገባችሁበትን ዓመት ጻፉበት። በየእሑዱ ማታ በባች ደምረን እንለጥፋለን። እስካሁን 112 ብርድ ልብስ ተገኝቷል። የ2004 ገቢዎች እየመሩ ነው፣ 31 አላቸው፤ ግሩፓቸው ላይ ጭፈራ ነው። የ2000 ገቢዎች ቀስ እያሉ እየተጠጉ ነው። የእኔ ባች፣ የ2002 ገቢዎች፣ አራት ብርድ ልብስ ይዘን መጨረሻ ላይ ነን። ከአራቱ ሁለቱ የእኔና የሚስቴ ናቸው። አንዱን የጋምቤላው ልጅ ነው የላከው።